ምዕራፍ ስድስት፤ ሽቅብ የሚወጣው ወንዝ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የገብሱንና የባቄላውን ማሳ፣ በጎች የተሰማሩበትንም ሰፊ ሜዳ እየተመለከተ ወደ አንኮበር የሚጓዝ መንገደኛ፣ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ገደል ከሆነበት አፋፍ ሲደርስ የሁለት አገር ውሃ የሚለያይበትን ድንበር ያያል። በስተኋላው የቀረው፣ በሬሳን የመሰለው ወንዝ ሁሉ፣ ወደ ምዕራብ ሄዶ ከጀማ ይቀላቀላል፤ ጀማም ከዐባይ ይገባል። በፊቱ ከገደሉ ሥር የሚመነጨው ደግሞ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ተንደርድሮ ከአዋሽ ይደርሳል፤ አዋሽም ባሕርን ሳያይ በአፋር ምድር ከሐይቅ ገብቶ ያበቃል። የሁለቱ ወገን ውሃዎች መንገዳቸው ቢለያይም የታዘዙበት ሕግ አንድ ነው፤ ሁሉም ይወርዳሉ፣ ሽቅብ የሚወጣ አንድም የለም። ነገር ግን ያ መንገደኛ በአፋፉ ላይ ቆሞ ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት ሲያደንቅ፣ በገዛ እግሩ ውስጥ ከቁርጭምጭሚቱ ተነሥቶ በባቱ፣ በጭኑና በሆዱ አልፎ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሆነውን ዳገት ወጥቶ ከልቡ የሚገባ ወንዝ አለ፤ እርሱም ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም። የዚህ ምዕራፍ ነገር ያ ወንዝ እንዴት እንደሚወጣ፣ የሚያወጣውም ኃይል ከወዴት እንደ ሆነ መግለጥ ነው።

ሳይንስን በአማርኛ ለማስተማር የደከሙ መምህራን ከልብ የሚወጣውን የደም ሥር «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ የሚገባውን «ደም መልስ» ብለው ሲሰይሙ፣ ረጅሙን ትምህርት በሁለት ቃል አጠቃለው አስቀምጠውልናል። ውሃ ቀጂ በእንስራ ከምንጭ ቀድታ ለቤተሰቡ እንደምታደርስ፣ ደም ቅዳም ከልብ ቀድቶ ለአካላት ሁሉ ያድላል፤ ደም መልስ ግን የታደለው ሁሉ ወደ ተቀዳበት ስፍራ የሚመለስበት መንገድ ነው። በሁለቱ መካከል ዓይን የማያያቸው እጅግ ቀጫጭን ሥሮች አሉ፤ ደም ምግቡንና ኦክስጅኑን ለሥጋ የሚሰጠው፣ የሥጋንም ጥራጊ የሚቀበለው በእነዚህ ውስጥ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ጅረት ከጅረት ተገናኝቶ ወንዝ እንደሚሆን፣ ጥቃቅኑ ደም መልስ ከጥቃቅኑ እየተጋጠመ ይሰፋና፣ በመጨረሻ አንዱ ከራስና ከእጅ፣ ሌላው ከሆድና ከእግር የመጣውን ደም ይዘው ሁለቱ ታላላቅ ደም መልሶች ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይገባሉ። የቀኙ ልብ ደሙን ወደ ሳንባ ይልከዋል፤ በሳንባ የታደሰውንም የግራው ልብ ተቀብሎ እንደገና ለአካል ይቀዳዋል።

የዚህን ዑደት ስፋት በቁጥር ብናየው መደነቃችን ይጨምራል። የአንድ ጎልማሳ ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል እየመታ በዚያችው አንዲት ደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይረጫል፤ ስለዚህ በሰውነት ያለው ደም መጠን በየደቂቃው አንድ ጊዜ ወጥቶ ይመለሳል ማለት ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት ሲደመር ከ7,000 ሊትር ይበልጣል። የወጣው ሁሉ ካልተመለሰ ልብ ጥቂት ቆይቶ የሚቀዳው ባጣ ነበር። ደግሞም ከደማችን ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው በማንኛዋም ሰዓት የሚገኘው በደም መልስ ውስጥ ነው፤ እንግዲህ ደም መልስ መንገድ ብቻ ሳይሆን ጎተራም ነው።

አሁን ወደ ጭንቁ ጥያቄ እንምጣ። ልብ ሲጨመቅ ደሙን ወደ ደም ቅዳ የሚገፋበት ኃይል ጤነኛ በሆነ ሰው 120 ሚሊ ሜትር የሜርኩሪ ዓምድ ለማንሣት ይበቃል፤ ደሙ በቀጫጭኖቹ ሥሮች መካከል እየተፋተገ ሲያልፍ ግን ኃይሉ ይደክምና፣ ወደ ደም መልስ ሲገባ 15 ያህል ብቻ ይቀረዋል፤ ከልብ ደጃፍ ሲደርስም ወደ ባዶ ይጠጋል። በሌላ ወገን ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ከልቡ እስከ እግሩ ያለው የደም ዓምድ በክብደቱ ብቻ በእግር ደም መልስ ላይ 90 ሚሊ ሜትር ያህል ጫና ያሳርፋል። የደም ሥሮች ሁሉ እንደ ቀርከሃ ግንድ የማይለጠጡ ቢሆኑ ኖሮ፣ በአንዱ ወገን የሚወርደው ዓምድ በሌላው ወገን የሚወጣውን በሚዛን ይደግፈው ስለ ነበር ችግሩ ቀላል በሆነ። ደም መልስ ግን ግድግዳው ስስና ለስላሳ በመሆኑ የሚመስለው ስልቻን ነው፤ ስልቻ ሲቆም ውሃው ከታች ተሰብስቦ ሆዱን እንደሚነፋው፣ ሰውም ከተኛበት ሲነሣ ግማሽ ሊትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ደም ከደረቱ ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ይወርዳል። በድንገት ብድግ ያለ ሰው ዓይኑ የሚጨልምበት፣ ራሱም የሚዞርበት ምክንያት ይህ ነው፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ለጥቂት ጊዜ ስለሚያንስ፣ ልብም ለአንጎል የሚልከው ያንስበታል።

የጥንት ጠቢባን ይህን ጥያቄ አልጠየቁም፤ ደም ይመለሳል ብለው አላሰቡምና። በሁለተኛው መቶ ዘመን የነበረው ጋሌን የተባለው የጽርእ ሐኪም፣ ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ ተሠርቶ በደም መልስ በኩል ወደ አካላት እንደሚሄድና በዚያው እንደሚያልቅ አስተማረ፤ ይህም ትምህርት ከሺህ ዓመት በላይ ሊቃውንቱን ገዝቶ ኖረ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ከማቅናታቸው ሁለት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ለሀገራችን ጳጳሳት ይመጡባት በነበረችው በግብፅ፣ ካይሮ ላይ የተቀመጠው ኢብን አል ነፊስ የተባለ ሐኪም፣ ደም ከቀኝ ልብ ወደ ግራ ልብ የሚያልፈው በሳንባ በኩል መሆኑን ጻፈ። ከዚያም በጣልያን አገር በፓዱዋ ያስተምር የነበረው ፋብሪሲዩስ በእጅና በእግር ደም መልስ ውስጥ ስስ መጋረጃ የመሰሉ ነገሮች መኖራቸውን ተመልክቶ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ «ትንንሽ ደጆች» ብሎ ጠራቸው፤ ሥራቸው ግን ደም ወደ እግር በብዛት እንዳይወርድ ማዘግየት ብቻ ይመስለው ነበር።

ነገሩን የፈታው የዚሁ መምህር ደቀ መዝሙር የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ነው። ሃርቪ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው በቀላል ሂሳብ ነበር፤ ልብ በየምቱ የሚያወጣውን ደም እጅግ አሳንሶ ገምቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባለው የምት ብዛት ቢያባዛው፣ ድምሩ በሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ በለጠ፤ ይህን ያህል ደም ከየትኛውም ምግብ በዚያች አጭር ጊዜ ሊሠራ ስለማይችል፣ የወጣው ያው ደም እየተመለሰ መሆን አለበት። የመምህሩ ትንንሽ ደጆችም ሁሉ ወደ ልብ ብቻ የሚከፈቱ መሆናቸውን አስተውሎ፣ መመለሻው መንገድ ደም መልስ እንደ ሆነ አስረዳ። የቀረው ምስጢር ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በምን እንደሚሻገር ነበር፤ ይህንንም ሃርቪ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ ማልፒጊ የተባለው ጣልያናዊ የእንቁራሪትን ሳንባ በማጉያ መነጽር ተመልክቶ ቀጫጭኖቹን ሥሮች በማግኘቱ ፈጸመው።

የሃርቪን ማስረጃ አንባቢው በገዛ ክንዱ ሊያየው ይችላል። ከክርኑ በላይ ክንዱን በሻሽ በመጠኑ አስሮ እጁን ጥቂት ጊዜ ቢጨብጥና ቢዘረጋ፣ በክንዱ ላይ ያሉት ሥሮች ተወጥረው እንደ ሸምበቆ አንጓ ያለ እብጠት በየቦታው ይታይባቸዋል፤ ደጆቹ ያሉት እዚያ ነው። ከአንጓው በታች ሥሩን በአንድ ጣት ተጭኖ ይዞ፣ ደሙን በሌላው ጣት ከአንጓው በላይ እስኪያልፍ ወደ ትከሻው አቅጣጫ ቢገፋው፣ የተጠረገው ሥር ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ከላይ ወደ ታች ለመመለስ ቢሞክርም ደሙ ከአንጓው ላይ ይቆማል እንጂ አያልፍም። የታችኛውን ጣት ባነሣ ጊዜ ግን ሥሩ ከበታች በቅጽበት ይሞላል። ሻሹን ወዲያው ይፍታ። የአንኮበር ስም «የአንኮ በር» ከማለት የመጣ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣውን መንገድ የሚጠብቅ በር ነበረና። በእግራችን ውስጥም በየጥቂት ጣት ርቀት እንዲህ ያለ በር ቆሟል፤ ልዩነቱ የእግራችን በሮች የወጣውን ያሳልፋሉ፣ ሊወርድ የሚፈልገውን ግን ፈጽሞ አያሳልፉም።

በር ግን መውረድን ይከለክላል እንጂ ራሱ አያወጣም፤ የሚያወጣው ሌላ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው፣ ሃሪስ የተባለ መኮንን የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ አንኮበር ወጣ፤ ከእርሱም በፊት ከእርሱም በኋላ ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨው በግመልና በአጋሰስ ጭነው ያንኑ ዳገት ሲወጡት ኖረዋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ከተማ የሚወስደውን ዳገት በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው የለም፤ ጥቂት ይወጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይወጣል። በእግር ውስጥ ያለውም ደም እንዲሁ ያደርጋል። ታላላቆቹ ደም መልሶች የሚያልፉት በባት ሥጋ መካከል ነው፤ መንገደኛው ሲራመድ ባቱ ይኮማተርና ሥሩን እንደ ታለበ ጡት ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ደም ወደ ታች እንዳይሄድ ደጁ ስለ ተዘጋበት ከበላዩ ወዳለው ክፍል ይወጣል። ባቱ ሲላላ ደግሞ የተለቀቀው ሥር ከበታቹና ከቆዳ ሥር ካሉት ደም መልሶች አዲስ ደም ይስባል። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ጭምቅ፣ በእያንዳንዱ ጭምቅ አንድ በር፤ ዳገቱ የሚወጣው እንዲህ ነው። ቆሞ ሳለ 90 ሚሊ ሜትር የነበረው የእግር ደም መልስ ጫና ሰውየው ጥቂት እንደ ተራመደ ወደ 30 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሐኪሞች ባትን ሁለተኛ ልብ የሚሉት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ረዳት እስትንፋስ ነው። በደረትና በሆድ መካከል የተዘረጋው ድያፍራም የሚባለው ሥጋ፣ አየር ወደ ውስጥ በምንስብበት ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚህም ደረት ይሰፋና በውስጡ ያለው ጫና ይቀንሳል፣ ሆድ ደግሞ ይጨመቃል። ስለዚህ በሆድ ውስጥ ያለው ደም ከበታች እየተገፋ፣ ከበላይም እየተሳበ ወደ ልብ ይገባል። የአንኮበርን ዳገት ጨርሶ ከአፋፉ ላይ በረጅሙ የሚተነፍስ ሰው፣ አየሩን ለሳንባው ብቻ የሚስብ ይመስለዋል፤ ከሆዱ ወደ ልቡ የሚወጣውን ደም በዚያው ትንፋሽ እየሳበ መሆኑን ግን ልብ አይለውም።

ሳይራመዱ ለረጅም ሰዓት መቆም የሚከብደው እንግዲህ ሁለተኛው ልብ ሥራ ስለሚፈታ ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አድባራት የበዓል ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቁም ዜማውን በዝግታ ይጀምራሉ፤ ከዚያ በዝማሜ መቋሚያውን እያነሡና እያወረዱ ይወዛወዛሉ፤ በመረግድና በጽፋት ጊዜም ከበሮው ሲመታ፣ ጽናጽሉ ሲንሿሿ፣ እግር ይነሣል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሰውነት ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ለምስጋና እንጂ ለባት ሥጋ ታስቦ አይደለም፤ ሆኖም እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ቢቆም ራሱን ስቶ ሊወድቅ የሚችለው ሰው፣ ሌሊቱን ሁሉ በመቋሚያ ተደግፎ ሲያሸበሽብ ሊያነጋ የቻለበትን አንዱን ምክንያት በዚህ ውስጥ እናገኘዋለን። ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን በእግሩ ላይ እንደ ተከሉትና ደሙ ሲፈስ ሁለቱም እንዳላወቁት በትውፊት ይነገራል። የቆመ ሰው እግር ከአካሉ ሁሉ የደም መልስ ጫና የሚበዛበት ስፍራ ነው፤ ስለዚህ እግሩ የቆሰለ ሰው ደሙ ቢበዛ፣ አስተኝቶ እግሩን ከልቡ በላይ ከፍ ማድረግና ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን የመጀመሪያው ርዳታ ነው። እግሩ ከፍ ሲል የዓምዱ ክብደት ይነሣለታልና።

ደም መልስ የሙቀት መጋቢም ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ስለ ሆነ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፤ ሰውም ባናውንና ጋቢውን ደርቦ ሲቀመጥ ከእጁ ጀርባ የነበሩት ሥሮች ጠፍተው ይሸሸጋሉ። ከቆዳ ሥር ያሉት ደም መልሶች ይጠባሉና፣ የሚመለሰው ደም በጥልቅ ባሉት ሥሮች በኩል ይጓዛል፤ እነዚያም ከደም ቅዳ ጋር ጎን ለጎን የተጣበቁ ስለ ሆኑ፣ ከልብ የሚወርደው ትኩስ ደም ከእግርና ከእጅ የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም በመንገድ ላይ እያሞቀ ይልከዋል፤ ቅዝቃዜው ከልብ ሳይደርስ ይቀራል። ያው ሰው በማግሥቱ ወደ ቆላው ወርዶ በአልዩ አምባ ፀሐይ ቢቆም፣ የእጁ ሥሮች አብጠው ይወጣሉ፤ ደሙ አሁን የሚመለሰው በቆዳው ሥር ነው፤ ሙቀቱንም በዚያ ለነፋስ ይሰጣል። ሥሩ ከቆዳ በላይ ሲታይ ሰማያዊ መሰለ እንጂ በውስጡ ያለው ደም ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ የተበላሸ ደምም አይደለም፤ ሰው ባረፈበት ጊዜ ከኦክስጅኑ ሦስት አራተኛ ያህሉን ገና ይዞ የሚመለስ ነውና። አባቶቻችን በዋግምት የሚያስወጡትን ጥቁር ደም መጥፎ ደም ነው ብለው ሲያስቡ፣ መልኩ አሳስቷቸው ነበር።

ከቀጫጭኖቹ ሥሮች ወደ ሥጋ የሚንጠባጠበው ፈሳሽም የራሱ መመለሻ አለው። ሊምፍ የሚባለው ይህ ፈሳሽ በራሱ ስስ ቧንቧዎች እየተሰበሰበ በቀን ጥቂት ሊትር ያህል ሆኖ ከአንገት ሥር ወዳሉት ታላላቅ ደም መልሶች ይገባል። በኢትዮጵያ ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት አገር፣ ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ የአፈሩ ብናኝ በቆዳው ገብቶ እነዚህን ቧንቧዎች ሲዘጋበት እግሩ ያብጣል፤ ይህ ትንኝ የማያመጣው የዝሆኔ ዓይነት ነው። ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሀገራችን ተቀምጦ መንሥኤውን በብዙ ድካም መርምሮታል። በሽተኛውን እርግማን ደርሶበት ነው ብሎ ማራቅ ከድንቁርና በላይ ግፍ ነው፤ እግርን በየዕለቱ በሳሙና መታጠብና ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ በሽታውን ይከለክለዋልና።

ደጆቹም እንደ ማናቸውም ደጅ ያረጃሉ። በትውልድ የወረሰው፣ ደጋግማ ያረገዘችው፣ ቀኑን ሁሉ ቆሞ የሚሠራው ሰው የሥሩ ግድግዳ እየተለጠጠ ሲሄድ ደጆቹ ከዳር እስከ ዳር መገጠም ይሳናቸዋል፤ ደሙም ተመልሶ ይወርድና በእግር ላይ የተጠማዘዘ ያበጠ ሥር ይወጣል። ለዚህ መራመድ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግና ሐኪም ያዘዘውን ጠባብ ካልሲ ማጥለቅ ይረዳል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሳይንቀሳቀሱ በመቀመጥ ወይም በመተኛት ብዛት በጥልቁ ሥር ውስጥ ደም ሲረጋ ነው፤ አንዱ እግር ብቻ ድንገት ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያምም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ከሳንባ ቢደርስ ሊገድል ይችላልና። ረጅም መንገድ በአውቶቡስ የሚሄድም፣ መኪናው በቆመበት ሁሉ ወርዶ ጥቂት ቢራመድ፣ በወንበሩ ሳለም ተረከዙን እያነሣ ቢያወርድ ለራሱ ታላቅ ነገር አደረገ።

አሁን ወደ ጀመርነው መንገደኛ እንመለስ፤ ግን ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ሲወጣ እንየው። ከዳገቱ እኩሌታ ሲደርስ ደረቱ ይደልቃል፤ «ልቤ ደከመ» ይላል። እውነት ነው፣ ልቡ በዕረፍት ጊዜ ከሚረጨው ደም ሁለት ሦስት እጥፍ ይረጫል። ነገር ግን ያን ትርፍ ደም ከወዴት አገኘው? ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ እና እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በየፊናቸው መርምረው እንዳሳዩት፣ የልብ ሥጋ በገባለት ደም በተለጠጠ መጠን አበርትቶ ይጨመቃል፤ ብዙ የተመለሰለት ብዙ ይሰጣል፣ ጥቂት የተመለሰለት ጥቂት ይሰጣል። ልብን የአካል ንጉሥ ብለን ብንጠራው እንኳ ግብር የሚያበላው ግብር በገባለት መጠን ነው። በዚያ ዳገት ላይ ግብሩን የሚያስገቡት በየእርምጃው የሚጨመቁት ባቶች፣ በየትንፋሹ የሚወርደው ድያፍራም፣ የወጣውን እንዳይወርድ የሚጠብቁት ጥቃቅን ደጆች ናቸው። መንገደኛው ከአፋፉ ደርሶ በድንጋይ ላይ አረፍ ሲል እጁን በደረቱ ላይ ያደርጋል፤ በዚያን ጊዜ ሌላው እጁ ሳያውቀው ወደ ባቱ ወርዶ ያሻሸዋል፤ እርሱ ድካሙን የሚያሻሽ ይመስለዋል እንጂ፣ ያ እጅ ደሙን ወደ ላይ በመግፋት ከሁለተኛው ልቡ ጋር እየሠራ ነው።